እናቲቱን መልቀቅ፦ ዛፉን ሳይቆርጡ ከደን ስለሚገኝ በረከት

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አንዲት አጭር ትእዛዝ ተጽፋ እናገኛለን። በመንገድ ሲሄድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እንኳ እናቲቱን እንዲለቅ ታዝዟል። እግዚአብሔር ለሰው የሚመገበውን አልከለከለውም፤ ነገ ዳግመኛ የምትፈለፍለውን እንዳያጠፋ ግን ወሰን አበጀለት። ከደን ስንጠቀም ልንይዘው የሚገባን ሥርዓትም ይኸው ነው። ማሩን፣ ቅጠሉን፣ ፍሬውንና ሙጫውን መውሰድ ይቻላል፤ የሚሰጠውን ዛፍ ግን ማቆየት ይገባል።

ይህን ጉዳይ የደቡብ ጎንደርን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እያሰብን ልናነሣ ወድደናል። የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ አርብ ገበያ የምትገኝበት ይህ አካባቢ ተራራና ገደል የበዛበት፣ አፈሩ በጎርፍ የተጎዳ፣ ዝናብ ባጠረ ቁጥር ረኃብ የሚያሰጋው ምድር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ እህል ከጎተራ ባለቀበት ወር ጥሪት የሌለው ቤተሰብ ወደ ገበያ ይዞ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የማገዶ እንጨት ወይም ከሰል ነው። ዛፉ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸጥ አይኖርም፤ የተራቆተው ተዳፋትም በሚመጣው ክረምት አፈሩን ለወንዝ ያስረክባል። ስለዚህ «ዛፍ አትቁረጡ» ብሎ ማስተማር ብቻውን አይበቃም። ለተቸገረው ወገናችን ዛፉ ቆሞ የሚያስገኘውን ገቢ ልናሳየው ይገባል።

በደቡብ ጎንደር አገር በቀል ደን ተርፎ የሚገኘው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በዞኑ በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። አባቶቻችን ይህን ደን ያቆዩልን የቤተ መቅደሱ መጎናጸፊያ፣ የጸሎትና የጽሙና ቦታ እንዲሆን ነው። ስለዚህ የቅጽሩን ዛፍ ለገበያ እናውለው አንልም። ይሁን እንጂ ንብን ዐጥር አያግዳትም። በቅጽሩ ካለው ወይራ፣ ብሳናና ዋንዛ አበባ ቀስማ፣ ከቅጽሩ ውጭ በምእመኑ ጓሮ በተሰቀለው ቀፎ ማሯን ትሠራለች። ደኑ ሳይነካ በረከቱ ወደ ቤት ይገባል።

በደጋውና በወይና ደጋው ዋናው የማር ቆረጣ አደይ አበባ ከፈነዳ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በአገራችን አንድ ባሕላዊ ቀፎ በዓመት በአማካይ 5 ኪሎ ግራም ያህል ማር ሲሰጥ፣ በአግባቡ የተያዘ ባለ ፍሬም ዘመናዊ ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ሊሰጥ ይችላል። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያንን በቀጥታ የሚመለከት ልዩነት አለ። በዘመናዊው ቀፎ ማሩ በማጣሪያ ከወጣ በኋላ የሰሙ እንጀራ ለንቦቹ ስለሚመለስ የሚገኘው ሰም ጥቂት ነው። በባሕላዊው ቀፎ ግን እንጀራው ከማሩ ጋር ስለሚቆረጥ ሰሙ ይበዛል፤ ጠጅ ከተጣለ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍም ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ይሆናል። በመቅደስ የሚበራው ጧፍ የሚሠራው ከዚህ ሰም ነው። ሁለቱንም ዓይነት ቀፎ የያዘ ቤተሰብ ማሩን ለገበያ፣ ሰሙን ለጧፍ ሊያቀርብ ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያንም ከነዳጅ ተዋጽኦ የተሠራ ሻማ ከሩቅ ከመግዛት ይልቅ ገንዘቧ ለገዛ ልጆቿ ይደርሳል።

በንብ ርባታ «እናቲቱን መልቀቅ» ማለት ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ማር ሲቆረጥ እጭ ያለበትን እንጀራ አለመንካት፣ አበባ በሚጠፋበት ወቅት ንቦቹ የሚመገቡትን ማር መተው፣ ጢስ ብቻ እንጂ መንጋውን የሚፈጅ እሳት አለመጠቀም፣ ሰብልና አረም አብቦ ሳለ ፀረ ተባይና ፀረ አረም መድኃኒት አለመርጨት ነው። መንጋው ያለቀበት ቀፎ በቀጣዩ ዓመት ባዶ ነው።

ይህ ወሰን ሲጣስ የሚሆነውን ከዕጣን ዛፍ እንማራለን። የጋይንት ደጋ የዕጣን አገር ባይሆንም፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ የሚታጠነው ዕጣን ከቆላ የሚመጣ ነው፤ በክልሉ መተማና ቋራ በዚህ ይታወቃሉ። ዕጣን የሚገኘው የዛፉን ቅርፊት በትንሹ በመፋቅ፣ የሚፈሰውን ሙጫ ሲደርቅ በመልቀም ነው። ዛፉ በልክ ከተፋቀና የዕረፍት ዓመታት ካገኘ ለረጅም ዘመን ይሰጣል። ዕረፍት ሲነፈገው ግን የሚያፈራው ዘር ያንሳል፣ ይደክማልም፤ የበቀለውን ችግኝ ደግሞ የሰደድ እሳትና ከብት ያጠፉታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ጭምር በተመረመሩት በአብዛኞቹ የዕጣን ደኖች ወጣት ዛፍ እንደሌለ፣ ምርቱም በ20 ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ጽንሐችን ባዶ እንዳይሆን የሚያሳስበን ይህ ነው።

በልክ የተጠቀሙትም ምስክር አላቸው። በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዘጌ፣ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ተያይዞ የሚነገረው ሥርዓት መሬቱን በበሬ ማረስን ስለሚከለክል፣ ነዋሪው ለብዙ ዘመን በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡናና በጌሾ ኖሯል። ኑሮው በዛፉ መቆም ላይ ስለተመሠረተ ደኑም ቆየ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በከፋና በሸካም ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ደኑን እየጠበቁ ማሩን፣ የጫካ ቡናውንና ኮረሪማውን ይሸጣሉ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም የማኅበረሰብን ደን በሕግ አውቆታል።

እንግዲህ በየአጥቢያው ምን ይደረግ? ሰበካ ጉባኤው በመጀመሪያ የቅጽሩን ወሰን በድንጋይ ካብ ያስከብር፤ ከብት ያልገባበት ደን ችግኙን ራሱ ያሳድጋል። ሁለተኛ፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶችና ባል የሞተባቸው እናቶች በቅድሚያ የቀፎ ባለቤት የሚሆኑበትን መንገድ ከወረዳው ግብርና ባለሙያዎች ጋር ይምከር፤ ከተከለለው ተራራ ጥቅም ያላገኘ ሰው ተራራውን አይጠብቅምና። ሦስተኛ፣ ጓሮው ያላቸው ጌሾ ይትከሉ፤ ግንዱ ሳይነካ ቅጠሉ ቢለቀም መልሶ ያቆጠቁጣል። አራተኛ፣ የሚቆረጠውን መጠንና ጊዜ፣ የሚያርፈውንም ዛፍ ምእመናኑ ራሳቸው ተማክረው በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፉት፤ ካህናትም በዐውደ ምሕረት ያስተምሩት። አምስተኛ፣ ማሩና ሰሙ በጋራ ይሸጥ፤ ለየብቻው የሚሸጥ ሰው ነጋዴው በሰጠው ዋጋ ለመስጠት ይገደዳልና።

ይህ ሁሉ ረኃብን በአንድ ዓመት አያጠፋም። ጥቂት ኪሎ ማር የእርሻን ቦታ አይተካም። ነገር ግን በክፉው ወር ለጨው፣ ለልጆች ደብተርና ለዘር መግዣ የሚሆን ገንዘብ ያገኘ ቤተሰብ መጥረቢያውን ወደ መጨረሻው ወይራ አያነሣም። ወይራው ከቆመ ምንጩ ይቆያል፣ ንቧ ትመለሳለች፣ ጧፉም ይበራል። እናቲቱን ለቅቀን ለልጆቻችን እንድናቆይ ቸሩ አምላካችን ማስተዋሉን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።