ፍጥነቱ የተጻፈው መስታወቱ ላይ አይደለም

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጋቢና የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሾፌሩ ክሩስኮቱ ላይ የጣለው ነጭ ወረቀት በፊት መስታወቱ ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ከመኪናው ውጪ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ለሾፌሩ ይህ እይታ የሚረብሽ ነገር ነው። የመኪና መሐንዲሶች ግን ይህንኑ ረብሻ ገርተው ሥራ ሰጥተውታል። ሄድ አፕ ዲስፕሌይ የሚባለው መሣሪያ ፍጥነትን፣ የመታጠፊያ ቀስትንና ማስጠንቀቂያን ሾፌሩ አንገቱን ሳይደፋ ከመንገዱ ጋር አብሮ እንዲያይ ያደርጋል።

ሐሳቡ የመጣው ከጦር አውሮፕላን ነው። ወደ መኪና የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ ጄኔራል ሞተርስ በኦልድስሞቢል ከትላስ ሱፕሪም፣ ኒሳን ደግሞ በሲልቪያ ላይ ገጠሙት። ዛሬ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ እየቀረ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ የምናያቸው እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከፍ ባለው ደረጃቸው ይህን መሣሪያ ይዘው ይመረታሉ። ሜኑው በቻይንኛ ስለሆነ ብቻ መኖሩን ያላወቀ ባለቤት ቢኖር አይገርመንም።

ጥቅሙ ከዓይን አሠራር ይጀምራል። ክሩስኮቱ ከሾፌሩ ዓይን 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱ ግን ሩቅ ነው። ፍጥነቱን ለማንበብ ዓይን ወደ ታች ይወርዳል፣ በውስጡ ያለው ሌንስ ለቅርብ እይታ ይወፍራል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ከዚያ ሁሉንም መልሶ ይሠራል። ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ ወሰደ እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም ከሦስት የተሰለፉ ሚኒባሶች ርዝመት በላይ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ፣ ከኛ ይልቅ አባቶቻችን በዚህ መሣሪያ የበለጠ ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ የሕግና የሂሳብ አያያዝ ተማሪዎች ፊዚክስ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ክሩስኮቱ ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ለፊት፣ እጅግ ደማቅ የሆነች ትንሽ ስክሪን ተቀብራለች። ብርሃኗ በአንድ ጠፍጣፋ መስታወት ታጥፎ ጎድጓዳ መስታወት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ፊት መስታወቱ ይወጣና ከፊሉ ተመልሶ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመጣል። ዋናው ሠራተኛ ጎድጓዳው መስታወት ነው። የመላጫ መስታወት ፊታችንን እንደሚያጎላው ሁሉ፣ ይህም ምስሉን ያጎላዋል፤ ደግሞም ወደ ኋላ ገፍቶ ያርቀዋል። ስለዚህ ሾፌሩ ቁጥሩን የሚያየው መስታወቱ ላይ ሳይሆን ከዓይኑ 2 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ኮፈኑ የሚያልቅበት አካባቢ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ግን ምንም የለም፤ ዓይን የብርሃኑን አቅጣጫ ተከትሎ ነው እዚያ ያለ የሚመስለው። አዳዲሶቹ መኪኖች 10 ሜትር ድረስ ያርቁትና የመታጠፊያው ቀስት አስፋልቱ ላይ የተሳለ ያስመስሉታል። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ይህን አያይም፤ ብርሃኑ የተነጣጠረው ሾፌሩ ዓይን ወዳለበት ጠባብ ቦታ ብቻ ነውና። ቁመቱ የተለየ ሰው መሪ ሲይዝም ከፍታውን ማስተካከል ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ኢብኑል ሀይሠምን ሳናነሳ ማለፍ አይሆንልንም። ከበስራ ተነስቶ ካይሮ የኖረው ይህ ሊቅ ከሺህ ዓመት በፊት በኪታቡል መናዚር አንድ ጥያቄ አንስቶ ነበር፦ ብርሃን የሚሰጥ ነጥብ፣ ዓይንና ክብ መስታወት ሲኖሩ፣ ብርሃኑ መስታወቱ ላይ የት ቢያርፍ ነው ዓይን ዘንድ የሚደርሰው? ሄድ አፕ ፈጠረ ማለታችን አይደለም። ግን ዛሬ መሐንዲሱ ለእያንዳንዱ ነጥብ በኮምፒውተር የሚያሰላው የዚሁ ጥያቄ ዘመድ ነው። ጸሐይን ሰብስበው ስለሚያቃጥሉ መስታወቶችም ጽፏል፤ ይህም ቢሆን ጉዳያችን ነው። ብርሃን በመጣበት መንገድ ስለሚመለስ፣ የቀትር ጸሐይ በዚያው ቀዳዳ ገብታ ጎድጓዳው መስታወት ላይ ስታርፍ ስክሪኗን ልትጠብሳት ትችላለችና መከላከያ ይሠራላታል።

የፊት መስታወት አንድ ብርጭቆ ሳይሆን መሐሉ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ሁለት ብርጭቆ ነው። የውስጡም የውጪውም ገጽ ብርሃን ስለሚመልሱ 60 የሚለው ቁጥር ጥላው ከላዩ ተደርቦ ሁለት ሆኖ ይታያል። የተለመደው መፍትሔ ፕላስቲኩን ከላይ ወፈር፣ ከታች ሳሳ አድርጎ መሥራት ነው፤ ልዩነቱ በዓይን አይለይም፣ ሁለቱን ምስሎች ግን አንድ ላይ ያሳርፋቸዋል። እንግዲህ መስታወቱ ጠጠር መትቶት ሲሰነጠቅ ጋራዥ ሄዶ በመጠን ልክ የሆነውን ተራ መስታወት ያስገጠመ ሰው ቁጥሩን ድርብ እያየ መንዳቱ ነው። መኪናው ሄድ አፕ እንዳለው ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ፖላራይዝድ መነጽር የሚያደርግ ደግሞ ምስሉ ከነጭራሹ ቢጠፋበት መሣሪያው ተበላሸ አይበል፤ መነጽሩ የሚያግደው በትክክል ከመስታወት ተንጸባርቆ የሚመጣውን ዓይነት ብርሃን ነው።

ክሩስኮት ላይ የሚቀመጡት ርካሾቹ መሣሪያዎችና የስልክ መተግበሪያዎችስ? እነዚህ ጎድጓዳ መስታወት የላቸውም። ዕቃው ከፊት መስታወቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከራቀ ምስሉም ከመስታወቱ ማዶ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው የሚቆመው። አንገት ከመድፋት ያድናሉ፤ ዓይን ግን አሁንም ለቅርብ እይታ መስተካከሉ አይቀርለትም። ግማሽ ጥቅም ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ያልተፈታ ነገር ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1980 የናሳ ተመራማሪዎች የአየር መንገድ አብራሪዎችን በማስመሰያ ላይ ፈትነው ነበር። በሄድ አፕ እያዩ ሲያርፉ ከነበሩት አንዳንዶቹ ማኮብኮቢያው ላይ የቆመ ሌላ አውሮፕላን ከፊታቸው እያለ አላዩትም። ዓይናቸው ወደ ውጪ ነበር፤ ሐሳባቸው ግን ቁጥሮቹ ላይ ነበር። መስታወትና ሌንስ ዓይንን እንጂ ሐሳብን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ አያዛውሩም። እግረኛው በየትኛውም በኩል በሚሻገርበት የኛ መንገድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሙዚቃ ርዕስና የደዋይ ስም እዚያ ማሳየት ለኛ የሻጮች ማጓጊያ ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ምን እንደሚታይ መምረጥ ስለሚቻል፣ እኛ ብንሆን ፍጥነትን፣ የመታጠፊያ ቀስትንና የግጭት ማስጠንቀቂያን ትተን ሌላውን እናጠፋው ነበር።