ከወህኒ አምባ እስከ ጎንት ደሴት

ፋንታሲ የሚባለውን ልብ ወለድ ጀምሮ የሚተው አንባቢ ብዙ ጊዜ «የማይሆን ነገር አይጥመኝም» ይላል። እኔ ይህን አላምነውም። ስለ ቡዳና ስለ ዛር፣ በሌሊት ጅብ ሆኖ ስለሚወጣ ሰው እየሰማ ላደገ ጆሮ የማይሆን ነገር ብርቁ አይደለም። ሰውን የሚያባርረው የመጽሐፉ ውፍረት ነው፤ ገና በመጀመሪያው ገጽ የሚዘንብበት የማያውቀው አገርና ንጉሥ ስምም አለ። ስለዚህ እዚህ መጽሐፍ የምመርጠው በዝናው አይደለም። አጭር መሆኑንና ለእኛ አገር ሰው መቅረቡን ነው የማየው።

ከማክሰኝት እንነሣ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከምናገኛት ከዚህች ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ በለሳ ሲኬድ ወህኒ አምባ አለ። ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ የነገሥታቱ ወንድሞችና ልጆች ዙፋን እንዳይመኙ ዙሪያው ገደል በሆነው በዚህ አምባ ይጋዙ ነበር። ዳግማዊ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1769 ሊነግሡ የወረዱት ከዚያ ነው፤ ያውም ሸምግለው፣ አንድ እጃቸው ተቆርጦ። ደራሲ ፈጥሮት ቢሆን ኖሮ «አሁንስ አበዛኸው» እንለው ነበር።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን አልረገጠም። ሆኖም አገራችን የኖረውን የፖርቱጋላዊውን ቄስ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1735 ተርጉሞ አሳትሟል። በ1759 ደግሞ በተራራ መካከል ስለተዘጋበት የኢትዮጵያ ልዑል «ራስላስ»ን ጻፈ። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። በጥብቅ ከተነጋገርን ፋንታሲ ሳይሆን የፍልስፍና ወግ ነው፤ ለጀማሪ ግን ጥሩ መግቢያ ይሆነዋል። ስድስተኛውን ምዕራፍ ብቻ እንኳ ያንብቡት። አንድ ብልሃተኛ ሰው እበራለሁ ብሎ ዓመት ሙሉ ክንፍ ሲሠራ ይከርማል። ቀኑ ሲደርስ ከጉብታው ዘልሎ ወዲያው ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል። አየር ላይ ያልረዱት ክንፎች ውኃው ላይ ያንሳፍፉታል፤ ልዑሉም ከፍርሃት የተነሣ በሞትና በሕይወት መካከል ያለውን ሰውዬ ጎትቶ ያወጣዋል። ወደ ኋላ፣ ልዑሉና አብረውት የሚጓዙት ካይሮ ከገቡ ወዲህ፣ ስለ ደስታ ብዙ ይወራል፤ የሰለቸው ቢዘል አልፈርድበትም።

አንባቢው በእንግሊዝኛ መድከም ካልፈለገ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» አለለት። ዘንዶና አስማተኛ አይጠብቅ፤ መጽሐፉ ለስለላና ለሳይንስ ልብ ወለድ ይቀርባል። ነገር ግን የጣናን ገዳማት ከናሳ ጋር አገናኝቶ፣ የምናውቀውን ሐይቅ ምስጢር የተቀበረበት ሌላ ሐይቅ ያደርገዋል። ይህን የተቀበለ አንባቢ ፋንታሲ የሚጠይቀውን ግማሹን ከፍሏል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ገድልና ተአምር ከዚህ ዝርዝር አይገቡም። በእምነት የሚነበብን ነገር ከልብ ወለድ ጋር መደርደር ለሁለቱም አይበጅም።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው የአሜሪካዊቷን የኡርሱላ ለ ጉዊንን «ኧ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት እናቱ የሞተችበት አንድ የፍየል እረኛ አለ። አክስቱ የመንደሩ አዋቂ ናት። ልጁ አንድ ቀን እሷ ስትል የሰማትን ቃል ፍየሎቹ ላይ ይሞክራታል። ፍየሎቹ ይመጣሉ፤ ግን አይሄዱም። ከበው፣ አጣብቀው፣ በቢጫ ዓይናቸው እያፈጠጡ አብረውት መንደር ይገባሉ፤ እሱ እያለቀሰ፣ የመንደሩ ሰው እየሳቀ። እረኝነትን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ገጽ ዝም ብሎ አያልፈውም።

የዚያ ዓለም ሥርዓት የቆመው በስም ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠራበት ስምና እውነተኛ ስም አለው። እውነተኛውን የያዘ ሰውዬውን ያዘው ማለት ነው፤ ስለዚህ ከልብ ለታመነ ወዳጅ ካልሆነ አይነገርም። ልጁ 13 ዓመት ሲሞላው ቀዝቃዛ ምንጭ ራቁቱን ተሻግሮ፣ መምህሩ ስሙን በጆሮው ሹክ ይለዋል። ይህ ለሌላ አገር አንባቢ ማብራሪያ ያሻው ይሆናል። መተት ይሠሩብሃል፣ የክርስትና ስምህን ለማንም እንዳትናገር ተብሎ ያደገ የማክሰኝት ልጅ ግን ሕጉን የሚያውቀው ከደራሲዋ እኩል ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ በትዕቢት ከሙታን አገር አንዲት ጥላ ይለቅቃል፤ ቀሪው መጽሐፍ እሷ ስታሳድደው፣ ኋላም እሱ ሲያሳድዳት ነው። የጦር ሠራዊት ጋጋታ የለበትም። ጉድለቱ ሴቶቹ ዳር መቆማቸው ነው፤ ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ1990 በ«ተሃኑ» ነገሩን ከሴት ወገን አይታ ተመልሳበታለች።

ቶልኪንን እንዴት ትተወዋለህ የሚለኝ አይጠፋም። «ጎንዶር» የሚለውን ስም ያየ የጎንደር ሰው የእኛው ናት ብሎ «የቀለበቶች ጌታ»ን ሊጀምር ይቃጣዋል። ጥርጣሬው የእኛ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ለደራሲው ራሱ በደብዳቤ ቀርቦለታል። በስሙ ምክንያት መጀመር ግን አያዋጣም፤ ጎንዶር ከመደረሱ በፊት ስንት መቶ ገጽ አለ። የጆርጅ ማርቲንም ተከታታይ ይቆይ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጀምሮ አምስተኛውን ቅጽ በ2011 ካወጣ ወዲህ ስድስተኛው እየተጠበቀ ነው።

ከቶልኪን ይልቅስ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣውን «ዘ ሆቢት» ይያዙ፤ አምስተኛው ምዕራፍ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። ቢልቦ በተራራ ሆድ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ጎለም ከሚባል ፍጡር ጋር እንቆቅልህ ይገጥማል። እኛ ዘንድ የተረታ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ጎጃምን ሰጥቶ ይገላገላል። እዚያ ግን ቢልቦ ከተረታ ይበላል፣ ከረታ ጎለም ወደ መውጫው ይመራዋል። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ሲያልቅበት ኪሱን እየዳበሰ «ኪሴ ውስጥ ምን አለ?» ይላል። ይህ እንቆቅልህ ነው እንዴ? ምዕራፉን በአማርኛ እየመለሱ ማታ ለቤቱ ልጆች ይንገሩና ይዩ። ቢልቦ አጭበርብሯል፣ አላጭበረበረም ብለው ከተጣሉ ሦስቱን የ«ቀለበቶች ጌታ» ቅጾች ያኔ ማውጣት ይቻላል።