ትልቁን ልጅ ነው የምንመርጠው ወይስ ጎበዙን?

ለትምህርት ቤቶች ውድድር የሚሰለፉት የእግር ኳስ ተጫዋቾቻችን በቅርቡ ስለሚመረጡ በዚህ እትም ስለ ተጫዋች ምልመላ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። ምልመላ ማለት ብዙ ልጆችን አይቶ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ለቡድን መምረጥ ነው። የሚመርጠው ሰው መልማይ ይባላል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ጎበዙን አይቶ መውሰድ ነዋ! ግን የውጭ አገር ትልልቅ ክለቦች እንኳ ደጋግመው የሚሳሳቱት ስሕተት አለ። ትልቁን ልጅ ሲያዩ ጎበዝ ይመስላቸዋል።

ይህን በቁጥር ካሳዩት ሰዎች አንዱ ሮጀር ባርንስሊ የሚባል የካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች የተወለዱበትን ወር ቆጠረ። (ሆኪ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የኛን የገና ጨዋታ ትንሽ ይመስላል፣ በረዶው ሲቀር።) ብዙዎቹ የተወለዱት በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪና በማርች ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ መጨረሻ የተወለዱት በጣም ጥቂት ነበሩ። ምክንያቱም በካናዳ የልጆች ሆኪ ዕድሜ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ጃንዋሪ 2 የተወለደ ልጅና በዚያው ዓመት ዲሴምበር 30 የተወለደ ልጅ በአንድ ምድብ ይጫወታሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን በአንድ ዓመት ሊበልጥ ምንም አልቀረውም። በ10 ዓመት ልጅ ላይ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። ቁመቱም ጉልበቱም ይለያል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የኮከብ ቆጠራ ነገር ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ማስረጃው ቤልጂየም ውስጥ ተገኝቷል። በእግር ኳስ የልጆች ዕድሜ ድሮ የሚቆጠረው ከኦገስት 1 ጀምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ጃንዋሪ 1 ተቀየረ። ከመቀየሩ በፊት በልጆች ቡድኖች ውስጥ የሚበዙት በኦገስትና ከዚያ በሚቀጥሉት ወራት የተወለዱት ነበሩ። ከተቀየረ በኋላ ደግሞ የጃንዋሪ ልጆች በዙ። የተቀየረው እኮ ወረቀት ላይ ያለው ቀን ብቻ ነው! እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ይሄ ነው።

የሚብሰው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የተመረጠው ትልቅ ልጅ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይሠለጥናል፣ አሠልጣኝ ያርመዋል፣ ማሊያ ይሰጠዋል፣ እውነተኛ ግጥሚያ ይጫወታል። ያልተመረጠው ሰፈር ውስጥ በካልሲ ኳስ ይጫወታል፤ ወይም ተስፋ ቆርጦ ጭራሽ ይተወዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱን ብታወዳድሯቸው የተመረጠው በእርግጥም ይበልጣል። አሠልጣኙም «አላልኳችሁም? የኔ ዓይን አይስትም» ይላል። ግን እሱ ጎበዙን አላገኘም፤ የመረጠውን ነው ጎበዝ ያደረገው።

ስለ ሜሲ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በልጅነቱ የእድገት ሆርሞን እጥረት ነበረበት፣ ባርሴሎና በ13 ዓመቱ ሲወስደው በጣም ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2000 የመጀመሪያው ስምምነት የተጻፈው በምግብ ቤት ሶፍት ላይ ነው። ግሪዝማንን ደግሞ አገሩ ፈረንሳይ ያሉ ክለቦች አጭር ነህ እያሉ መለሱት። ሪያል ሶሲዳድ ግን አየውና ወደ ስፔን ወሰደው። በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫ ሲያነሳ እነዚያ ክለቦች ምን ብለው ይሆን?

አሜሪካ ውስጥም እንዲሁ ነው። እዚያ ፉትቦል የሚሉት የኛን እግር ኳስ ሳይሆን በእጅ የሚወረወረውን፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለውን ኳስ ነው። የኮሌጅ አሠልጣኞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ ልጆችን ይመለምላሉ፣ የመረጡትን በነፃ ያስተምራሉ። ልጆቹ ገና ተማሪ እያሉ እንደ ሆቴል ኮከብ ይሰጣቸዋል፤ ከፍተኛው አምስት ነው። ጆሽ አለን የሚባል በካሊፎርኒያ እርሻ ውስጥ ያደገ ልጅ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ከትልልቆቹ ኮሌጆች አንድም የጠየቀው የለም። ቀጭን ነበር፣ ያደገውም ዘግይቶ ነው። በአካባቢው ያለ ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ አንድ ዓመት ተጫወተና ለብዙ አሠልጣኞች ራሱ ኢሜይል ጻፈ። በመጨረሻ ዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቡፋሎ የሚባለው ቡድን ከአገሩ ተጫዋቾች ሁሉ ሰባተኛ አድርጎ መረጠው፤ የ2024 የውድድር ዘመንም የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ልጁ ኢሜይል መጻፍ ቢሰለቸው ማንም አያውቀውም ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። እነሱ የሚጨነቁት ስለ ወራት ልዩነት ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ቡድን የሚመረጠው በክፍል ነው፤ በአንድ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ የ12 ዓመትም የ15 ዓመትም ልጅ ይገኛል። ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ አለ፣ አቋርጦ የተመለሰ አለ። ዕድሜያቸው እኩል የሆኑትም እኩል አያድጉም። ሴቶች ቀድመው ይመዘዛሉ፣ ብዙዎቹ በ11 እና በ12 ዓመታቸው። አብዛኞቹ ወንዶች ግን በ13 እና በ14 ነው። ስለዚህ የሴቶች ቡድን ላይ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የሚሠራው ስሕተት ወንዶች ላይ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ይሠራል።

አመራረጡን ታውቁታላችሁ። ሃምሳ ስልሳ ልጅ ሜዳ ይወጣል፣ ኳሷ አንድ ናት፣ ሃያ ደቂቃ ይጫወታሉ። በዚያ ሰዓት ኳስ የሚደርሰው ማን ነው? ገፍቶ የሚወስደው ነዋ! ትንሹ ልጅ ኳስ ሳይነካ «በቃ ውጡ» ይባላል። የመምህራኖቻችን ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም፣ ጊዜም ኳስም የለም። ትልልቆቹም እንዳትቀየሙኝ፣ ከእናንተ መሀል በጣም ጎበዞች አሉ።

መፍትሔ የሞከሩ አገሮች አሉ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የክለብ አካዳሚዎች ልጆቹን በልደት ዓመት ሳይሆን በሰውነት እድገታቸው መድበው አጫውተዋል። ትልልቆቹ ጉልበት ብቻ ስለማያዋጣቸው በጭንቅላት መጫወት ጀመሩ፣ ዘግይተው የሚያድጉትም የሚችሉትን አሳዩ። እኔ ግን የወደድኩት እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የኔዘርላንድ ጥናት ነው። መልማዮች ለሦስት ተከፍለው የትንንሽ ልጆች ግጥሚያ አዩ። አንዱ ቡድን ስለ ዕድሜ ምንም አልተነገረውም። ሁለተኛው የልደት ቀን ዝርዝር በወረቀት ተሰጠው። ሦስተኛው የማሊያው ቁጥር በዕድሜ ቅደም ተከተል መሆኑ ተነገረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትልልቆቹን መረጡ፤ ወረቀቱ እጃቸው ላይ እያለ እንኳ! ሦስተኛው ቡድን ግን ለትልልቆቹ አላደላም። ምክንያቱም ልጁ በሮጠ ቁጥር ዕድሜው ጀርባው ላይ ይታያል።

ይሄን እኛም ልናደርገው እንችላለን፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የክፍል አለቆች ምርጫ የሚገቡትን ልጆች የልደት ቀን ይሰብስቡ፤ መዋሸት እንዳይኖር ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር ይመሳከር። ትልቁ 1 ቁጥር ያገኛል፣ ከዚያ እየተቀጠለ ትንሹ የመጨረሻውን ቁጥር ይይዛል። ማሊያዎቻችን ቁጥራቸው ስለተላላጠ በደብተር ወረቀት ላይ በማርከር ጽፎ ጀርባ ላይ ማያያዝ ይበቃል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ኳስ ከሚጋፋ ትንንሾቹ ለብቻቸው አሥር ደቂቃ ቢሰጣቸው ቲቸር ማን ማን እንደሆነ ያያል። ወረቀቱን ክበባችን ያዘጋጃል። መርፌ ቁልፍ ያላችሁ ግን ከወዲሁ አምጡ፣ ስልሳ ያስፈልገናል።