ሃያው ሰዓት

በብሪታንያ በስፖንሰር የተቀጠረች ነርስ ከፈረቃዋ ውጭ ቅዳሜን በሌላ ሆስፒታል በነርስነት ብትሠራ ሕጉ ይፈቅድላታል። በዚያው ቅዳሜ ታክሲ ብትነዳ ግን የቪዛዋን ግዴታ ትጥሳለች።

«ስኪልድ ወርከር» የሚባለው ቪዛ ሠራተኛውን ከአንድ ቀጣሪና ከአንድ ሥራ ጋር ያስራል። የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙና ሰዓቱ ቀጣሪው በሚሰጠው የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት ላይ ይሰፍራሉ። ከዚያ ሰዓት ውጭ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ሌላ ቦታ መሥራት ይቻላል፤ ሁለተኛው ቀጣሪም የስፖንሰርነት ፈቃድ አያስፈልገውም።

ቀድሞ ትርፍ ሥራው በመሠረቱ ከዋናው ጋር አንድ ሙያ እንዲሆን ወይም የሰው እጥረት አለባቸው ተብለው ከተዘረዘሩት እንዲሆን ይጠየቅ ነበር። ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ለቪዛው ብቁ ከሆኑት የሙያ ኮዶች (የሙያ መለያ ቁጥሮች) በየትኛውም ሥር መሥራት ይፈቀዳል። የሶፍትዌር መሐንዲስ ማታ ኮሌጅ ማስተማር ይችላል፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መደርደር ወይም ምግብ ማድረስ ግን አይችልም። በሐምሌ 2025 የሚጠየቀው የሙያ ደረጃ ከፍ ስላለ፣ የዱሮውን የኮዶች ዝርዝር ይዞ ውል መፈረም አደጋ አለው። ኮዱን የሚወስነውም በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው እንጂ በውሉ ላይ የተጻፈው የማዕረግ ስም አይደለም።

ብዙዎች ሁለተኛ ሥራ የሚይዙት የመጀመሪያው ቢቀር መጠጊያ ይሆነናል ብለው ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ይጨክናል። ትርፍ ሥራ የሚፈቀደው ዋናው ሥራ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ስፖንሰር ያደረገው ድርጅት ሠራተኛውን ቢያሰናብት ወይም የስፖንሰርነት ፈቃዱን ቢነጠቅ ትርፍ ሥራውም አብሮ ይቆማል። ብዙውን ጊዜ አዲስ ስፖንሰር ለማግኘት የሚሰጠው 60 ቀን ነው። ገንዘብ አብዝቶ የሚያስፈልገው በዚያ ወቅት ሆኖ ሳለ፣ ሠራተኛው ባለው ሙያ እንኳ ሠርቶ እንዳያድር መከልከሉ ፍትሐዊ አይመስልም።

ሁለተኛው ቀጣሪም ከኃላፊነት አያመልጥም። ሠራተኛው ከመንግሥት ድረ ገጽ የሚያወጣውን ሼር ኮድ ተቀብሎ የመሥራት መብቱን ማጣራት አለበት። የማይፈቀድለትን ሰው ካሠራ በአንድ ሠራተኛ እስከ 45,000 ፓውንድ፣ ከደገመው እስከ 60,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። እያወቀ ያለፈቃድ የሠራው ሰው ደግሞ በወንጀል ሊጠየቅ፣ ደመወዙም ሊወረስ ይችላል።

ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት የፈለገ መንገዱ አልተዘጋበትም። ሁለተኛው ቀጣሪ ፈቃድ ያለው ስፖንሰር ሆኖ የራሱን ሰርተፊኬት ይሰጠዋል፤ ሠራተኛው ቪዛው ሁለቱንም ሥራዎች እንዲያካትት ያመለክታል፤ ሥራውን የሚጀምረው ግን ማመልከቻው ከጸደቀ በኋላ ነው።