ሽለላ በሳክስፎን፦ የአርቲስት ጌታቸው መኩሪያ አልበምና ዘግይቶ ያገኘው ዕውቅና

እ.ኤ.አ. በ1972 በፊሊፕስ ኢትዮጵያ የታተመው የአርቲስት ጌታቸው መኩሪያ የሳክስፎን አልበም ከ30 ዓመታት በኋላ በውጭ አገር የጃዝ አድማጮች ዘንድ እንደ አዲስ ግኝት መታየቱ፣ ለሙዚቃ ቅርስ አያያዝ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

"የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ" የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የተሰጠው ይህ አልበም ድምፃዊ የሌለበት ነው። በዘመኑ አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ሸክላዎች በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙ ስለነበሩ፣ ሙሉ ሸክላ ለአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋች መሰጠቱ ያልተለመደ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት የተወለዱት አርቲስት ጌታቸው በመጀመሪያ ክራርና ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር። በኋላም ክላርኔትና ሳክስፎን ይዘው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ፣ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ እንዲሁም በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል።

አርቲስቱን ከሌሎች የለያቸው ሽለላን ወደ ሳክስፎን ማምጣታቸው ነው። ሽለላ ጦረኛ ራሱን የሚያወድስበትና ወገኑን ለፍልሚያ የሚያነሣሣበት የቃል ጥበብ ሲሆን፣ ከዘፈን ይልቅ ወደ ንግግር የሚቀርብና በጥብቅ ምት የማይታሰር ነው። አርቲስት ጌታቸው ይህንኑ የሸላዩን አተነፋፈስና ድንፋታ በሰፊ ንዝረትና በሻካራ ድምፅ በሳክስፎን ገልጸውታል። በመድረክም የጀግና ልብስ ለብሰውና ጎፈር ደፍተው ይቀርቡ ነበር።

ከ1966ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃን በማዳከሙና ሸክላም ቦታውን ለካሴት በመልቀቁ፣ የዚያ ዘመን ሥራዎች ከገበያ ርቀው ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁትና ቡዳ ሙዚክ የተሰኘው የፈረንሳይ ኩባንያ በሚያሳትመው "ኢትዮፒክስ" ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆኖ አልበሙ በድጋሚ ወጣ።

የውጭ ሐያሲያን አጨዋወቱን ከአሜሪካውያኑ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር "ነፃ ጃዝ" ጋር አነጻጽረውታል። ንጽጽሩ አድናቆትን የሚያሳይ ቢሆንም የጥበቡን ምንጭ አይገልጽም። አሜሪካውያኑ ራሳቸውን ለማላቀቅ የሞከሩት ከጃዝ የስምምነት ሕግጋት ነበር፤ አርቲስት ጌታቸው ግን ያንን ሕግ ፈጽሞ የማያውቅ አገራዊ የቃል ጥበብን ወደ ዘመናዊ መሣሪያ አሸጋገሩ እንጂ ከጃዝ አልተነሡም።

የአልበሙ ዳግም መታተም ሌሎች ሥራዎችንም አስከትሏል። ዘ ኤክስ የተባለው የኔዘርላንድስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 አርቲስቱን ወደ አምስተርዳም የጋበዘ ሲሆን፣ በ2006 "ሞዓ አንበሳ" የተሰኘውን አልበም፣ በ2012 ደግሞ ሁለተኛ አልበም በጋራ አሳትመዋል። በፓሪስ የተቋቋመ አንድ ቡድንም ስሙን "አካለ ውቤ" ከተሰኘው የአርቲስቱ ሥራ ወስዷል።

አርቲስት ጌታቸው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ዕውቅናውን በሕይወት ሳሉ ለማየት በቅተዋል። ሸክላቸው ግን ለሦስት አሥርት ዓመታት ከገበያ በመራቁ፣ አዲሱ አድማጭ ድምፁን እንጂ ሽለላውን ለይቶ ሊያውቅ አልቻለም። በመሆኑም የድምፅ ቅርስን መጠበቅ ሲባል ሸክላውን በመዝገብ ቤት ማኖር ብቻ ሳይሆን፣ ማን፣ መቼና ከየትኛው ባህል ተነሥቶ እንደተጫወተው የሚገልጸውን መረጃ አብሮ ማቆየትን ይጠይቃል።