የተዋጊ አይሮፕላን የበረራ ርቀትና በባሕር ማዶ ያለ የጦር ሠፈር



አንድ ኃያል መንግሥት ከራሱ ምድር እጅግ ርቆ፥ በሌላ ሕዝብ አገር የጦር ሠፈር የሚይዘው ስለ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። የፖለቲካው ምክንያት ልዩ ልዩ ቢሆንም፥ አንዱ ዋና ምክንያት የሚገኘው በተዋጊ አይሮፕላን የነዳጅ ታንክ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው አይሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ ቢነሣ ነዳጁ እስኪያልቅ የሚበርረው ርቀት ነው። ሁለተኛው ግን መሣሪያውን ተሸክሞ ሄዶ፥ ተዋግቶ፥ ወደ ተነሣበት ለመመለስ የሚችልበት ርቀት ነው። ይህኛው ከፊተኛው እኩሌታ እንኳ ያንሳል። መንገደኛ ስንቁን ለመሄጃም ለመመለሻም እንደሚከፍል፥ አብራሪውም ነዳጁን ለመሄጃ፥ ለውጊያ፥ ለመመለሻና ለክፉ አጋጣሚ ይከፍለዋል። ታዲያ ታንኩን ማስፋት አይቻልምን? ቢሉ፥ ታንክ ሲሰፋ ክብደት ይጨምራል፤ ክብደት ሲጨምር ቅልጥፍና ይቀንሳል፤ የተጨመረውን ክብደት ለመሸከምም ሌላ ነዳጅ ያሻል።

ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. አርጀንቲናውያን ማልቪናስ በሚሏቸው በፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት በግልጽ ታየ። ከአርጀንቲና የሪዮ ግራንዴ የአየር ሠፈር እስከ ደሴቶቹ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ሚራዥና ዳገር የተባሉት የአርጀንቲና ተዋጊዎች በአየር ላይ ነዳጅ መቀበል ስለማይችሉ፥ በደሴቶቹ ሰማይ ላይ የሚቆዩት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ለብሪታንያ ደግሞ የምታገለግላት የአሴንሽን ደሴት ከፎክላንድ 6,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ደሴቲቱ የብሪታንያ ብትሆንም፥ ማረፊያውን የሠሩትና የሚያስተዳድሩት አሜሪካውያን ነበሩ። ሜይ 1 ቀን አንድ ቩልካን ቦምብ ጣይ ከዚያ ተነሥቶ የስታንሊን ማረፊያ እንዲመታ 11 ነዳጅ አዳይ አይሮፕላኖች አብረውት ተነሡ። ከጣላቸው 21 ቦምቦች መካከል ጥርጊያውን የመታው አንዱ ብቻ ነው። ተዋጊዎቹ ሲ ሃሪየሮች ግን ከአይሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ላይ እየተነሡ ተዋጉ። ብሪታንያም ከዚህ ተምራ በ1985 ዓ.ም. በዚያው በፎክላንድ በማውንት ፕሌዛንት አዲስ የአየር ሠፈር ከፈተች።

እንግዲህ በአየር ላይ ነዳጅ መቀበል ከተቻለ ሠፈር ምን ያደርጋል? የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ነዳጅ አዳዩም ራሱ የሚነሣበት ማረፊያ፥ የሚያልፍበትም ሰማይ ያስፈልገዋል። በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካ ኤፍ-111 አይሮፕላኖች ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ሊቢያን ሲደበድቡ፥ ፈረንሳይና እስፓኝ በሰማያቸው እንዳያልፉ ከለከሉ። አይሮፕላኖቹም በአትላንቲክ ዞረው በጅብራልታር በኩል ለመግባት ስለ ተገደዱ፥ ደርሶ መልሱ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ፤ በመንገድም ደጋግመው ነዳጅ ተቀበሉ።

በዛሬውም ዘመን ነገሩ አልተለወጠም። ኤፍ-35 ኤ የተባለው የአሜሪካ ተዋጊ ሄዶ ተዋግቶ የሚመለስበት ርቀት 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጃፓን ኦኪናዋ ከሚገኘው ከካዴና ሠፈር እስከ ታይዋን ርዕሰ ከተማ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ከአሜሪካ ግዛት ከጉዋም ግን 2,700 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ አሜሪካ ካዴናን በቀላሉ አትለቅም። የዚህም ሸክም በኦኪናዋ ሕዝብ ላይ ወድቋል፤ ከጃፓን መሬት አንድ በመቶ እንኳ በማይሞላው በዚህ ደሴት ላይ፥ በጃፓን ለአሜሪካ ጦር ብቻ ከተከለለው ቦታ 70 በመቶ ያህሉ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ የአይሮፕላን ርቀት ባጠረ መጠን የባለቤቱ ኃይል በባዕድ ፈቃድ ላይ የሚመሠረት መሆኑን ነው። ሠፈሩን የሚሰጠው መንግሥትም ታናሽ ቢሆን እንኳ፥ በእጁ ያለው የታላቁ መንግሥት ክንፍ መሆኑን አውቆ፥ ምን እንደሚሰጥና በምን ዋጋ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።