ጥቁሩ ማርሊን በምን ይታወቃል?

የላይኛው መንጋጋው እንደ ጦር የሾለ ዓሣ ሁሉ በአንድ ስም ሲጠራ ይሰማል። ጥቁሩን ማርሊን ከሰማያዊው ለመለየት ቀለሙን ማመን አይበቃም፤ ዓሣው ሲሞት ቀለሙ ይለወጣልና። የታመነው ምልክት የደረቱ ክንፍ ነው። የሰማያዊው ወደ ጎኑ ታጥፎ ይተኛል፤ ያደገው ጥቁር ማርሊን ግን ክንፉ ድርቅ ብሎ የቆመ ስለሆነ ካልተሰበረ በቀር አይታጠፍም። እንግዲህ መዝጋቢው ዓሣው ሳይቆራረጥ ሊያየው ይገባል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. አልፍሬድ ግላሴል የተባለ አሜሪካዊ በፔሩ ጠረፍ፣ በካቦ ብላንኮ፣ 1,560 ፓውንድ (707 ኪሎ ግራም ያህል) የመዘነ ጥቁር ማርሊን በመንጠቆ አውጥቷል። ነጋዴው ክብደቱን ብቻ ይመለከት ይሆናል። ነገር ግን ወንዱ ከ150 ኪሎ ግራም ማለፉ ብርቅ ነው፤ ግዙፎቹ ሁሉ ለማለት ይቻላል ዕንቁላል ጣዮቹ ሴቶች ናቸው።